«ከሥራም ከውርስም ነቅዬሃለሁ!» ሲባል በሕግ ምን ይሆናል?

ባለፈው እሑድ የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ የቴሌቪዥኑ አባት ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም! ከሥራም ከውርስም ነቅዬሃለሁ!» ልጁ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። እናትየዋ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ምስሉ ቆመ፣ «ይቀጥላል» ተባለ።

ቡናውን የሚያፈሉት ጎረቤቴ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ጀበናውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሕግ ተምረህ የለም እንዴ? አለቀ በቃ? ልጁ ባዶ እጁን ሊቀር ነው?»

«ምንም አልሆነም እማማ። አባትየው ጉሮሮውን ነው ያደከመው።»

አላመኑኝም። እውነት ለመናገር እኔም በአንድ ስኒ ቡና ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ ጥብቅና ቆሜ አላውቅም፣ ሕጉን ግን ተምሬዋለሁ። ቤት ገብቼ ያችን አንዲት ጩኸት ስበትናት ውስጧ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አገኘሁ። «ልጄ አይደለህም» የቤተሰብ ሕግ ጉዳይ ነው፣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ። «ከሥራ» የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። «ከውርስ» ደግሞ በንጉሡ ዘመን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በውርስ ጉዳይ ዛሬም የምንዳኘው በእሱ ነው። አባትየው በአንድ ትንፋሽ የጨረሰውን ሕጉ በሦስት መዝገብ ነው የሚከፍተው። አንዱም በጩኸት አይዘጋም።

የድራማውን ስም አልጠራም። ብጠራውም ለውጥ የለው፤ ያ አባት በሁሉም ድራማ ውስጥ አለ። ፋብሪካ ወይም አስመጪ ድርጅት አለው። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች አሉት፣ ሁለተኛዋ ሚስት ወጣት ናት። ሒሳብ ሹሙ ታማኝ ይመስላል፣ የቤት ሠራተኛዋ አንድ ምሥጢር ታውቃለች። ደራሲዎቹ ቤቱንና መሥሪያ ቤቱን እንዲህ አንድ ላይ የሚሰፉት ያለ ምክንያት አይደለም። በእውነተኛው ኑሮ የተጣላ ሰው ስልክ አያነሣም፣ አለቃው ያስመረረው ሥራ ይለቃል፣ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። መቶ ምናምን ክፍል መሄድ ያለበት ድራማ ግን የተጣሉትን ሰዎች በየቀኑ ማገናኘት አለበት። ስለዚህ ጠዋት ቁርስ ላይ የተኮራረፉት ከሰዓት ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ወጪውም ይቀላል፦ አንድ ቪላ፣ አንድ ቢሮ፣ እነዚያው ተዋንያን። የዘውጉ የእንግሊዝኛ ስም፣ «ሶፕ ኦፔራ»፣ ውስጥ «ሳሙና» (ሶፕ) የገባው በ1930ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሳሙና አምራቾች ለቤት እመቤቶች የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ስፖንሰር ያደርጉ ስለነበረ ነው። ያኔም ቢሆን ነገሩ የቤት ጣጣ ነበር።

ለደራሲው የሚመቸው ይህ ስፌት ግን ለተመልካቹ አንድ ስሕተት አስተምሯል፦ አባት የሆነ ሰው ቤቱንም ድርጅቱንም በአንድ ቃል ያዛል የሚል።

«ልጄ አይደለህም» የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ ከሦስቱ ባዶው እሱ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ሕጉ ይገምታል። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ባል «የእኔ አይደለም» የሚል ከሆነ ሕጉ ልጅን መካድ የሚለው የራሱ ክስ አለ፤ ልጁ መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከሚገባው ጊዜ ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፣ ማስረጃም ይዞ። የኛ ድራማ ልጅ ጢም አብቅሏል፣ ማስትሬት ሠርቷል። አባትየው ሠላሳ ዓመት ዘግይቷል።

አሁን ወደ ውርሱ። ኑዛዜ ከሌለ የሟች የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። ሴት ወንድ የለም፣ የበኩር ልጅ ተጨማሪ አያገኝም። አባት ይህን መለወጥ ከፈለገ ኑዛዜ ማድረግ አለበት፤ ልጁን ከውርስ መንቀልም ይችላል። ሕጉ አይከለክለውም። እማማን ያስገረማቸው ይህ ነበር፤ «ታዲያ ምንም አልሆነም ትለኛለህ?» አሉኝ። የሚችለው ግን እንዴት ነው?

በጽሑፍ ነው፣ በኑዛዜ ነው፣ ምክንያቱንም ጽፎ ነው። ልጅን ወይም የልጅ ልጅን ከውርስ የሚነቅል ኑዛዜ ለምን እንደነቀለ ካልተናገረ አይጸናም። ፍርድ ቤትም የተጻፈው ምክንያት ልጅን ከውርስ ለመንቀል የሚበቃ ነው ወይ ብሎ ይመዝነዋል። «የማልወዳትን ልጅ አገባ» በድራማ ሃያ ክፍል ያስኬዳል፤ ዳኛ ፊት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ግን ለመናዘዝ የተነሣ ሰው ቢያስብበት ይሻለዋል። ደግሞም ልጁን ሳያነሡ ዝም ብሎ መዝለል አይሠራም። «ንብረቴ በሙሉ ለወንድሜ» ብሎ የልጁን ስም አለመጥራት ልጁን ከውርስ አያወጣውም። መንቀል ያሰበ በግልጽ ይነቅላል።

የኑዛዜው አደራረግ ራሱ ድራማ የሚያበላሽ ነገር አለው። ሕጉ የሚያውቃቸው ኑዛዜዎች ሦስት ናቸው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ፤ ብዙ ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ የሚናዘዘውም ስለዚህ ነው። «ተነቧል» የምትለዋ ቃል ተራ ትመስላለች። ፍርድ ቤት ቀርቦ በእሷ መጓደል የሚወድቅ ኑዛዜ ግን አለ፤ ሟች ተነሥቶ «አንብበውልኝ ነበር» አይል።

ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ምስክር አይፈልግም፣ ግን ጽሑፉ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ ቀንና ፊርማም አለው። ይሄኛው የድራማ ደራሲዎች ነፍስ ነው፤ ከፎቶ ጀርባ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መሃል፣ ከካዝና ሥር የሚገኘው ወረቀት። የማይነግሩን ነገር፦ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ከፎቶ ጀርባ የወጣው ወረቀት የአባት ማስታወሻ ነው። ያስለቅሳል፣ አያወርስም።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ እዚህ ላይ እማማ ሳቁ፣ እኔም አብሬ። የድራማው አባት በመጨረሻ ሆስፒታል ይተኛል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ኦክስጅኑን ገፋ አድርጎ የታማኝ ልጁን እጅ ይይዝና «ፋብሪካው… ያንተ… ነው» ብሎ አንገቱን ያዘነብላል። ሕጉ የመጨረሻ ቃልን ሁለት ምስክር ካለ ያከብራል፤ የሚያከብርላቸው ነገሮች ግን ጥቂት ናቸው፦ ስለ ቀብሩ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ አካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ የሚናገረው፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎች። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ቁም ነገር ነበር። ዛሬ ለቤታችን ደላላ እንኳ ብትሰጡት ፊቱን ያጠቁራል። ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ እንደተጻፈ ነው። ያችም የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ ድኖ ከተነሣ በ3 ወር ትሞታለች። ፋብሪካ በትንፋሽ አይተላለፍም።

«ፋብሪካው ያንተ ነው» የሚለው ራሱ ሌላ እንከን አለው። ፋብሪካው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው፣ ማሽኑና ሕንፃው የአባትየው አይደሉም፤ የማኅበሩ ናቸው። አባትየው ያለው ድርሻ ነው፤ ወራሽም የሚያገኘው ድርሻውን ነው። ድርጅቱ ዕዳ ካለበት ዕዳው እዚያው ድርጅቱ ላይ ይቆያል። ይህን እዚህ ልተወው፤ የንግድ ሕግ ከገባን ቡናው ይቀዘቅዛል።

አሁን ሚስቲቱ። ከእማማ ጋር የተጨቃጨቅነው በእሷ ጉዳይ ነው። ወጣቷ እንጀራ እናት ባሏ እንዲሞት ትጠብቃለች፣ ምክንያቱም «ሚስት ወራሽ ናት»። እማማም እንደዚያ ያምናሉ፤ ከማን እንደሰሙት ጠየቅኋቸው። «ቃና ላይ» አሉኝ። ይህ መልስ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ቤት የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየተመለከተ ነው ያደገው። በቱርክ ሕግ የትዳር ጓደኛ በእርግጥም ወራሽ ነው፤ ልጆች ካሉ አንድ አራተኛ ያገኛል። ልጆችም ኑዛዜ የማይነካባቸው የተጠበቀ ድርሻ አላቸው። አማርኛ የሚናገሩት ገጸ ባሕርያት የሚካሰሱት በኢስታንቡል ሕግ ነው ማለት ነው። ድምፁ ተተርጉሟል፣ ሕጉ አልተተረጎመም።

እዚህ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ ባልም የሚስቱ። ይህን ሲሰሙ እማማ «ይቺ አገር!» አሉ፤ ግን ቀሪውን ልንገራችሁ። ሚስት መጀመሪያ ከውርሱ በፊት የራሷን ታወጣለች፤ በጋብቻው ዘመን የተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ የእሷ ነው። ልጆች የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽና የግል ንብረቱ የነበረውን ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው ወይም በስጦታና በውርስ የመጣው ነው። አባትየው ፋብሪካውን ያቋቋመው ሁለተኛዋን ከማግባቱ በፊት ከሆነ ድርሻው የግሉ ሆኖ ይቀራል። ከጋብቻው በኋላ ከዚያ ፋብሪካ የተገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው። በዚያ ገቢ ለቡ ላይ የተገዛው ቪላ፣ ስሙ በባልየው ብቻ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑን ያላስረዳ ይካፈላል፤ የተጋቢዎች ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታልና። ስለዚህ ያቺ እንጀራ እናት መርዝ ማማሰል አያስፈልጋትም ነበር። ደረሰኝ ብታስቀምጥ ይበቃት ነበር።

ድራማ ላይ የሚታየው «ቤቱን ሸጥኩት፣ ነገ ለቃችሁ ውጡ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ተሸጦ ከተገኘ ያልፈቀደው ወገን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ፣ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ይችላል።

የቤት ሠራተኛዋ የደበቀችው ልጅስ? በውርስ ቀመር ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም እንደዚያ ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው ጽፏል። ጭንቁ ያለው እኩልነቱ ላይ ሳይሆን አባትነቱን ማረጋገጡ ላይ ነው። አባት በሕይወት ሳለ በሕጉ መንገድ «ልጄ ነው» ብሎ ካልተቀበለ፣ ወይም በኑዛዜው ካልገለጸ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ነው የሚቀረው። እዚያ የሚረዳው አባትየው አባትነቱን በማያጠራጥር መንገድ የጻፈው ደብዳቤ፣ ወይም ልጁን እንደ አባት ሲያሳድግ መታየቱ ነው። በድራማ ደብዳቤው ሁልጊዜ ይቃጠላል። ደራሲዎቹ ይህን አንቀጽ ያነበቡት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቃል፣ «ከሥራ»። እኛ ዙሪያ ላለ ሰው ከውርሱ ይልቅ ይሄኛው ይነካዋል። ከዚህ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሠልፍ የሚይዙት ልጆች አብዛኞቹ የሚወርሱት ፋብሪካ የላቸውም፤ የሚሠሩበት ፋብሪካ ነው ያላቸው።

ልጁ በአባቱ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆነ፣ ይገርማል፣ ከሁሉ በላይ ለመባረር የተጋለጠው እሱ ነው። አዋጁ የሥራ መሪ የሚላቸውን፣ የሚቀጥሩትን፣ የሚያሰናብቱትንና ድርጅቱን የሚመሩትን፣ አይሸፍንም፤ እነሱ በውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚዳኙት። ግቢ ውስጥ ጨርቅ የምትቆርጠው ልጅ ከሥራ አስኪያጁ የተሻለ የሥራ ዋስትና አላት። ድራማው ግን ገልብጦ ነው የሚያሳየን፦ የልጁ መባረር ሦስት ክፍል ሙሉ ይለቀስለታል፤ ሠራተኛዋ «ውጪ!» ስትባል በሩ ይዘጋል፣ ካሜራው ይዞራል፣ ተመልሳ አትታይም።

የእማማን ልጅ ያየሁት በዚያ ዓይን ነው። አንድ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ትራንስፖርት እያጣች አምስት ስድስት ጊዜ አረፈደች፣ ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አላት። እሷም አልሄደችም። ደብዳቤ አልጠየቀችም፣ ማንንም አላናገረች። «ከተባረርኩ ተባረርኩ ነዋ፣ ምን ልበል?» አለችኝ። ለእኔ የነገረችኝ ግን ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ድራማውን እያየን በመሃል።

ሕጉ ስለ ማርፈድ የሚለው ቁጥር አለው፦ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። መቅረትም እንዲሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በ6 ወር 5 ቀን ነው። የእሷ ስምንት አልሞላም፣ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ስንብቱ ራሱ በጽሑፍ ምክንያቱ ተገልጾ ሊሰጣት ይገባ ነበር። የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ አሠሪው ሊያሰናብታት የሚችል ሕጋዊ ምክንያት ቢኖረውና ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባት ነበር።

ሕገ ወጥ ስንብት መሆኑ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሊያዝ ይችላል። ካልተመለሰች ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ከስንብት ክፍያው ሌላ አማካይ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውም ደመወዝ አለው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል።

ግን አምስት ወር አልፏል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ይዘጋል። ከስንብቱ የሚመጣ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር። ይህን ስነግራት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «አንድ ወር አለኝ» አለች። ሰኞ ጠዋት ሄደች፤ ጉዳዩ አላለቀም፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ውሏ በጽሑፍ አልነበረም ብላ ፈርታ ነበር። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ እንዲያውም የተጻፈ ውል ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገሮች ጽፎ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። መታወቂያ ባጅና ደመወዝ የገባበት የባንክ ደብተር ይመሰክራሉ።

ድራማ ውስጥ ከሚታዩት ስንብቶች ግማሾቹ አዋጁ በስም ጠርቶ የከለከላቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። «የጠላቴን ልጅ አግብተሻል፣ ውጪ»፤ የጋብቻ ሁኔታ ለስንብት ምክንያት አይሆንም። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ አሠሪን መክሰስም አይሆኑም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በማይገናኝ ሕጉ በዘረዘረው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ አትሰናበትም። የወሊድ ፈቃዱም በአዲሱ አዋጅ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሆኗል፣ ከነደመወዙ። ለባልየው 3 ተከታታይ ቀን ተሰጥቶታል፤ በድራማ አባቶች መመዘኛ ይህም ብዙ ነው።

አንዱን ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ እሱን ነው የምወደው። አለቃው የሒሳብ ሹሙን ስርቆት ያውቃል፤ ለዓመታት አፍኖ ይይዘዋል፣ «አንድ ቀን አወጣዋለሁ» እያለ እንደ አሻንጉሊት ይጫወትበታል። አዋጁ ግን አሠሪ የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ በዚያ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የወንጀል ክሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራውን በተመለከተ ግን ሒሳብ ሹሙ ሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ማኪያቶውን ይዞ ዘና ብሎ ሊገባ ይችላል።

ልጁ ከስደት ተመልሶ ድርጅቱን ሲረከብ «ከአባቴ ዘመን የነበራችሁ ሁላችሁም ተሰናብታችኋል» የሚለውም አይሠራም። የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ሠራተኞቹ ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይቀጥላሉ።

የቤት ሠራተኛዋ ብቻ ናት ሜዳ ላይ የቀረችው። የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ለእሱ የሚወጣ ደንብ ይኖራል ቢባልም እስከዚያው የምትዳኘው በዚያው በ1952ቱ ሕግ አንዳንድ አንቀጾች ነው። የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ተሸክማ ከሁሉም ያነሰ ጥበቃ ያላት እሷ ናት። እዚህ ላይ ድራማው አልዋሸም።

እኛ ሠፈር ለሚኖር ሰው አንዲት ነገር ልጨምር። ከብሎካችን መስኮት የሚታየው ማዶ ለገጣፎ ነው፣ ሸገር ከተማ። የቤተሰብ ሕግ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፤ ማዶ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ እዚህ ደግሞ የፌዴራሉ። በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጋብቻን ወይም ፍቺን የሚመለከት ጉዳይ ያለው ሰው ግን የጎረቤቱን ልምድ ይዞ ከመሄዱ በፊት የትኛው ወገን እንደሆነ ቢያጣራ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ለሁለቱም አንድ ነው። ሙስሊም ቤተሰብም ሁሉም ወገኖች ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ የውርሱ ክፍፍል በሸሪዓው ይሆናል፤ እዚያ ሚስትም ወራሽ ናት።

ሽማግሌዎቹንም አልረሳሁም፣ በየድራማው ነጭ ጋቢ ለብሰው ሳሎን የሚደረደሩትን። በድሮው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽምግልና ፍቺን ራሱ ያይ ነበር። ከ1992 ወዲህ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል፣ ሊያፋታ አይችልም። በዚያው በድሮው ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር፣ ሚስትም እንድትታዘዘው ይጠበቅባት ነበር። የቴሌቪዥኑ አባት አነጋገር ከዚያ ሕግ የተቀዳ ይመስለኛል፤ ሕጉ ሄደ፣ ድምፁ ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። ፈንዲሻው ቀርቧል። አባትየው በዚህ ሳምንት ምክር ሰምቶ መጥቷል፤ አልጮኸም። ጠበቃ አስጠራ፣ ወረቀት አወጣ፣ «ኑዛዜዬን ልናገር ነው» አለ። እማማ ጀበናውን አስቀምጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ፣ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ጠበቃው አንድ። ሒሳብ ሹሙ ሁለት። ሾፌሩ ሦስት።» ወደ እኔ ዞሩ። «አራተኛው የታለ?»

በሩ ተከፈተና ሠራተኛዋ ቡና ይዛ ገባች።

«እሷስ ትቆጠራለች?»

«18 ዓመት ከሞላት፣ ሲነበብም ሰምታ ከፈረመች።»

እማማ ፈንዲሻውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ልጅቷ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ደርድራ፣ ትሪውን አንሥታ ወጣች።

«ሦስት ናቸው!» አሉ እማማ እያጨበጨቡ። «ሦስት!»

ማስታወቂያ ገባ።